ቦክስ ጊታርን ማጉላት፦ ክሩን፣ እንጨቱን ወይስ አየሩን?

ቤት ውስጥ ለጆሮ የሚጥም ቦክስ ጊታር አዳራሽ ገብቶ ከስፒከር ሲወጣ እንደ ቆርቆሮ ይንቃጨላል። ወይም ገና ቮልዩሙ ከፍ ሳይል «ዉዉዉ» ብሎ ይጮኻል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በጊታሩ ወይም በሳውንድ ማኑ ላይ ይደፈደፋል። ችግሩ ግን ባመዛኙ ከሁለት ቦታዎች አይወጣም፤ ለቦታው የማይሆን ፒክአፕ (የጊታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ወይም ማይክ ተመርጧል፣ አለዚያም ጥሩው ፒክአፕ ከማይስማማው መሣሪያ ጋር ተገናኝቷል። ሁለቱም በትንሽ ዕውቀት የሚስተካከሉ ናቸው።

የጊታር ድምፅ የሚያዝባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። ክሩ ይርገበገባል። ንዝረቱ በሳድሉ (ክሮቹ በሚያርፉበት ቀጭን ቁራጭ) እና በብሪጁ (ሳድሉን በያዘው እንጨት) በኩል ወደ ፊተኛው ሰሌዳ ይሻገራል። ሰሌዳው ደግሞ በዙሪያው ያለውን አየር ይገፋል፤ ጆሯችን የሚሰማው ይህን አየር ነው። የማግኔት ፒክአፕ ክሩን ያደምጣል። ሳድል ስር የሚገባው ወይም ከሰሌዳው ጋር የሚጣበቀው ፒክአፕ እንጨቱን ያደምጣል። ማይክ አየሩን ያደምጣል። ወደ አየሩ በቀረብን መጠን ድምፁ ቤት ውስጥ የለመድነውን ጊታር ይመስላል፤ ወደ ክሩ በቀረብን መጠን ፊድባክ፣ ያ «ዉዉዉ» የሚለው ጩኸት፣ ይርቀናል። ሁለቱን አሟልቶ የሚሰጥ አንድ ዕቃ የለም።

ስለዚህ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት የምትጫወቱበትን ቦታ ጩኸት አስቡ። ከጀርባችሁ ድራም አለ? ሞኒተሩ (ድምፁን ለተጫዋቹ የሚያሰማው ስፒከር) እግራችሁ ሥር ነው? ወይስ ጸጥ ባለ ካፌ ውስጥ ብቻችሁን ትቀመጣላችሁ? ሰርግ ላይ ከሙሉ ባንድ ጋር የሚጫወት ሰውና በትንሽ የጸሎት ቤት መዝሙር የሚያጅብ ሰው ጊታራቸው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ የሚያስፈልጋቸው ዕቃ ለየቅል ነው።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል

ፊድባክ ቀለበት ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ጊታሩን ይመታል፣ ሰሌዳው ይነዝራል፣ ፒክአፑ ይህን ንዝረት ይይዛል፣ ሚክሰሩ ያጎላዋል፣ እንደገና ከስፒከሩ ይወጣል። ድምፁ አንድ ዙር ዞሮ ሲመለስ ከተነሣበት ካላነሰ ጩኸቱ በራሱ ይቀጥላል፤ ማንም ክር ባይነካም አያቆምም።

የሚጀምረው ጊታሩ ራሱ በሚያስተጋባበት ድምፅ ላይ ነው። ድሬድኖት በሚባለው ባለ ትልቅ ሳጥን የተለመደ ጊታር ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር በድምፅ ቀዳዳው በኩል የሚያስተጋባው በ100 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የፊት ሰሌዳው ደግሞ በ200 ኸርዝ አካባቢ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ያስተጋባል። ወፍራሙ ጩኸት ባመዛኙ ከእነዚህ ከአንዱ ይነሣል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ጩኸቱ ሲጀምር ቮልዩሙን ቀንሱና ጆሯችሁ ላይ የቀረውን ድምፅ ክሮቹ ላይ ፈልጉት። ስድስተኛው ክር በባዶው 82 ኸርዝ ነው፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ 98፤ አምስተኛው ክር በባዶው 110፣ አራተኛው 147፣ ሦስተኛው 196። ጩኸቱ ከአምስተኛው ክር ጋር ከገጠመ ሚክሰሩ ላይ 110 ኸርዝን በጠባቡ 6 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቤዙን በሙሉ መቁረጥ ግን ጊታሩን ያራቁተዋል።

ከዚያ በፊት ሁለት ቀላል ነገሮችን ሞክሩ። የመጀመሪያው የድምፅ ቀዳዳውን የሚደፍነው ክብ ጎማ ነው። የሳጥኑ አየር እንዳይተነፍስ ስለሚያደርግ የ100 ኸርዙን ጩኸት ያዳክማል። ሳድል ስር ያለ ፒክአፕ ደግሞ ድምፁን ከቀዳዳው ስለማይወስድ እምብዛም አይጎዳም። ሁለተኛው ፕሪአምፑ (የፒክአፑን ደካማ ምልክት አስቀድሞ የሚያጎላው መሣሪያ) ላይ ያለው «ፌዝ» የሚል ቁልፍ ነው። ከስፒከሩ የሚመጣው ድምፅ ሰሌዳውን በሚገፋበት ጊዜ የፒክአፑ ምልክት አብሮት ይገፋል ወይም ይቃወመዋል፤ ቁልፉ ይህን ይገለብጠዋል። የትኛው እንደሚሻል በቆማችሁበት ቦታ ስለሚወሰን ቦታ ስትቀይሩ እንደገና ሞክሩት።

ማይክ፦ አየሩን ማድመጥ

ለእውነተኛው የቦክስ ጊታር ድምፅ ማይክን የሚያህል የለም። ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት፣ ጥፍር ሲጭር፣ እንጨቱ ሲተነፍስ ሁሉ ይሰማል። ዋጋው መንቀሳቀስ አለመቻል ነው፤ በዚያ ላይ በአካባቢው ያለውን ሁሉ አብሮ ይሰማል።

ማይኩን ቀዳዳው ፊት አትደቅኑት። ከዚያ የሚወጣው የተጨመቀ የቤዝ አየር ስለሆነ ድምፁ እንደ በርሜል ይሆናል። አንገቱ ከሳጥኑ ጋር ወደሚገናኝበት፣ 12ኛው ፍሬት አካባቢ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቆ ይተከል። ድምፁ ከቀጠነ ማይኩን ሳታነሡ ጫፉን ትንሽ ወደ ቀዳዳው አዙሩት፤ ከወፈረ ወደ አንገቱ መልሱት። ለመድረክ 20 ሳንቲሜትር ከ30 ይሻላል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ማይኩ የሚያገኘው የጊታር ድምፅ በ6 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ የአዳራሹ ጩኸት ግን ባለበት ነው። ሳውንድ ማኑ የቀነሰውን ለመሙላት ጌይኑን ሲከፍት ፊድባኩ አብሮ ይመጣል። ዘፋኙ እየተወዛወዘ ከማይኩ ሲርቅና ሲቀርብ ጊታሩ የሚጠፋውና የሚመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ከ1965 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለው ሹር ኤስኤም57 ዳይናሚክ ማይክ ነው። ጠንካራ ነው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ስስ የሆነውን ላይኛውን ድምፅ ግን እንደ ኮንደንሰር አያወጣም። ኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ከሚክሰሩ ይፈልጋል፤ ዝርዝሩ የላቀ ነው። ጸጥ ላለ ቦታና ለስቱዲዮ ኮንደንሰር፣ ሞኒተር ላለበት መድረክ ዳይናሚክ ብትመርጡ አትሳሳቱም። ጊታሩ ላይ የሚቆነጠጡ ትናንሽ ኮንደንሰሮችም አሉ፤ ዲፒኤ 4099 ከሚታወቁት አንዱ ነው። ከጊታሩ ጋር አብረው ስለሚንቀሳቀሱ የመንቀሳቀሱን ችግር ይፈቱታል። የፊድባኩን ችግር ግን አይፈቱትም።

ብዙ መድረክ ላይ የሚበላሸው የሞኒተሩ አቀማመጥ ነው። እንደ ኤስኤም57 ያለው ካርዲዮይድ ማይክ ይበልጥ የሚደነቁረው በትክክል ከጀርባው ነው፤ ስለዚህ ሞኒተሩ በማይኩ ጭራ አቅጣጫ ይቀመጣል። እንደ ቤታ 57ኤ ያለው ሱፐርካርዲዮይድ ግን ከጀርባው ትንሽ ይሰማል፤ የሚደነቁረው ከፊቱ 125 ዲግሪ አካባቢ፣ በጀርባው ግራና ቀኝ ነው። ሱፐርካርዲዮይድ ገዝቶ ሞኒተሩን እንደ ድሮው በቀጥታ ከኋላ ማስቀመጥ የከፈሉበትን ጥቅም ማባከን ነው።

ማግኔት፦ ክሩን ማድመጥ

በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ ተቆንጥጦ የሚቀመጠው ይህ ፒክአፕ ማግኔትና ዙሪያውን የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር በላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያውካል፣ ሽቦው ውስጥም ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የናይለን ክር ማግኔት ስለማይነካው ክላሲካል ጊታር ላይ ይህ ፒክአፕ ዝም ነው። ሳያውቁት የሚገዙ ስላሉ ይህን አስቀድሞ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

በብረት ክርም ቢሆን አንድ ነገር አለ። የቦክስ ጊታር ወፍራም ክሮች መሐላቸው ብረት፣ መጠምጠሚያቸው ነሐስ ነው። ማግኔቱ ነሐሱን አያየውም። አንደኛና ሁለተኛ ክር ግን ሙሉ በሙሉ ብረት ናቸው፤ በተለይ ሁለተኛው ከሌሎቹ በልጦ ይጮኻል። ፒክአፑ ላይ በየክሩ ትይዩ ብሎኖች ካሉት የሁለተኛውን ክር ብሎን ወደ ታች አስገቡት። ብሎን ከሌለው ፒክአፑን በቀጫጭኖቹ ክሮች በኩል ዝቅ አድርጉት። አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን አስበው ሚዛኑን ቀድመው ያስተካክሉታል፤ ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ የነሐስ ክር ሞክሩት።

ባለ አንድ ጥቅልል የሆነው ከመብራት መስመሩ 50 ኸርዝና ከእጥፎቹ ዝዝዝታ ይለቅማል። ባለ ሁለት ጥቅልሉ፣ ሴት ላቨር ጊብሰን ፋብሪካ ውስጥ በ1955 የሠራው «ሀምበከር»፣ ሁለቱን ጥቅልሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምጥሞና የማግኔታቸውን ዋልታ ገልብጦ ዝዝዝታውን እርስ በርሱ ያጠፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። የመድረክ መብራትና ጄኔሬተር ባለበት ለሚጫወት ሰው ሀምበከሩ ይሻላል።

የማግኔት ድምፅ ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ወደ ሊድ ጊታር የሚያደላ ነው። የእንጨቱን ትንፋሽ አይሰጥም። ከድራምና ከቤዝ ጊታር ጎን ለሚቆም ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው መሰማት ነው፤ ትንፋሹ እዚያ ጩኸት ውስጥ የሚሰማው የለም።

ሳድል ስር የሚገባው ፒዬዞ

ከፋብሪካ ፕሪአምፕ ተገጥሞላቸው የሚመጡ ቦክስ ጊታሮች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ይህንን ነው። ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል ነው፤ የክሪስታሎቹን ጠባይ ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች በ1880 ያገኙት ነው። ቀጭኑ ዘንግ በብሪጁ ቦይ ውስጥ ይተኛል፣ ሳድሉ በላዩ ይቀመጣል፣ ክሮቹ ወደ ታች ይጫኑታል። ክሩ በተርገበገበ ቁጥር ግፊቱ ይለዋወጣል፣ ድምፁም ከዚህ ይነሣል። ማለትም ይህ ፒክአፕ በግፊት ይኖራል፤ ግፊቱ እኩል ካልሆነ ድምፁ እኩል አይሆንም። «አንደኛው ክሬ አይሰማም» የሚለው ስሞታ ባመዛኙ ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ ሳድሉ ላይ ነው። ዘንጉ የራሱ ውፍረት አለው፤ በካሊፐር ለኩትና ያንኑ ያህል ከሳድሉ ሥር ቀንሱ። ካልቀነሳችሁ ክሮቹ ይነሣሉ፤ ሳድሉ 1 ሚሊሜትር ከፍ ሲል 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይነሣል፣ ጣትም ወዲያው ያውቀዋል። ሲቀነስ በሞረድ አይደለም። መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ 120 ቁጥር ቀጥሎ 240፣ ለጥፉ። የሳድሉን ሥር ዳር እስከ ዳር በእርሳስ አጥቁሩት። ሳድሉን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሳትጫኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ፈትጉት። ጥቁሩ መሐል ላይ ጠፍቶ ጫፎቹ ላይ ከቀረ ሥሩ መሐሉ ላይ አብጧል ማለት ነው። ጥቁሩ በሁሉም ቦታ አንድ ላይ ሲጠፋ ሥሩ ልሙጥ ሆኗል።

የቦዩም ወለል እንደዚሁ ልሙጥ መሆን አለበት። ለሽቦው መውጫ ከቦዩ አንድ ጫፍ በ3 ሚሊሜትር ገደማ የትራፓኖ ምላስ ሰያፍ ቀዳዳ ይበሳል፤ ትክክለኛው መጠን ከፒክአፑ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ አለ። የቀዳዳው አፍ ስለታም ከሆነ ዘንጉ ይታጠፍና ይሰበራል፤ ስለዚህ አፉን አለዝቡት። ከብሳት የቀረ አንዲት የእንጨት ቅንጣት ዘንጉ ሥር ከተረሳች በላይዋ ያለው ክር ብቻ ይጮኻል፣ ጎረቤቱ ይሞታል። በመጨረሻ ሳድሉ በጣት ግፊት ብቻ ወደ ቦዩ መግባት አለበት። በመዶሻ የሚገባ ሳድል ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ዘንጉን አይጫነውም። ልቅ የሆነው ደግሞ ክሮቹ ሲወጠሩ ወደ ፊት ይዘምምና በጠርዙ ብቻ ይጫናል።

ከጊታሩ ሳጥን ሥር የሚወጣው ጃክ (ኬብሉ የሚሰካበት) ብዙውን ጊዜ 12 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ይፈልጋል። በአንዴ በወፍራም ምላስ የሚበሳ ሰው ቫርኒሹን ይሰነጥቃል። ቦታውን በስኮች ሸፍኖ፣ ትራፓኖውን መጀመሪያ ወደ ኋላ እያዞሩ ቫርኒሹን ማሳሳት፣ ከዚያ በየደረጃው የሚሰፋ ምላስ መጠቀም ጊታሩን ያድነዋል። እጃችሁ ከዚህ በፊት እንጨት ካልበሳ ይህችን ሥራ ለባለሙያ ስጡ።

ኃይለኛ ምት ሲመጣ የዚህ ፒክአፕ ድምፅ እንደ ፕላስቲክ ይንጫጫል። ክሩ ሲመታ በሳድሉ ላይ የሚፈጠረው ግፊት ድንገተኛና ትልቅ ነው፤ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራው ፕሪአምፕ አንዳንዴ ያን ጫፍ መሸከም አቅቶት ይቆርጠዋል። ባትሪው ሲደክም ደግሞ ይብሳል። አዲስ ባትሪ ከ9 ቮልት በላይ ያሳያል፤ መልቲሜትሩ ከ8 በታች ሲያሳይ ለዝግጅት አትመኑት። ከዚያ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎኸርዝ ያለውን ከ2 እስከ 4 ዲሲቤል ዝቅ ማድረግ ጩኸቱን ያረግበዋል። ባትሪውን የሚያበራው ጃኩ ራሱ ስለሆነ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ኬብሉን ንቀሉ። በስቴሪዮ ጃክ ቢሰካ ደግሞ ብዙዎቹ ፕሪአምፖች አይበሩም፤ «ተበላሸ» ተብሎ ከመፈታቱ በፊት ኬብሉ ይታይ።

ተለጣፊው

ሳድሉን መንካት ለማይፈልግ ሰው ትናንሽ የፒዬዞ ክቦች በሳጥኑ ውስጥ፣ ከብሪጁ ሥር ባለው የእንጨት ድጋፍ ላይ ይጣበቃሉ። ሦስት ክብ ያላቸው ዓይነቶች በሳድሉ መስመር ትይዩ በክሮቹ መካከል ይቀመጣሉ። ድምፃቸው ከሳድል ስሩ ይልቅ እንጨት እንጨት ይላል፣ አይንጫጫም፣ ለጣት አጨዋወት በጣም ተስማሚ ነው። ሰሌዳውን ስለሚያደምጡ ግን ፊድባክ ቶሎ ያነሣሉ። መጀመሪያ በባለ ሁለት ፊት ስኮች ለጥፋችሁ ቦታውን በጆሮ ፈልጉ። 1 ሳንቲሜትር ማንቀሳቀስ የክሮቹን ሚዛን ይለውጣል። ሱፐር ግሉ የሚመጣው ቦታው ከተወሰነ በኋላ ነው። ስኮቹን ለዘለቄታው መተው አይመከርም፤ ለስላሳ ስለሆነ ላይኛውን ድምፅ ይውጠዋል።

ብዙ ሰው የማያየው፦ ኢምፒዳንስ

ጥሩ ፒክአፕ ገዝቶ በመጥፎ ድምፅ መጫወት የሚመጣው ከዚህ ነው። ባትሪም ፕሪአምፕም የሌለው ፒዬዞ እንደ ደካማ ምንጭ ነው፤ ውኃው ንጹሕ ነው፣ የሚወጣው ግን ጠብታ ነው። የሚሰካበት መሣሪያ ብዙ የሚጠጣ ከሆነ ምንጩ ይደርቃል፣ ቀድሞ የሚደርቀውም ቤዙ ነው። ምን ያህል እንደሚጠጣ የሚነግረን የመሣሪያው ግብዓት ኢምፒዳንስ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ የሚጠጣው ይቀንሳል።

በቁጥር እንየው። አንድ ሳድል ስር የሚገባ ፒዬዞ 1 ናኖፋራድ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም) አለው እንበል። በዚህ ጊዜ ቤዙ መውረድ የሚጀምርበትን ድምፅ በኸርዝ ለማግኘት 159ን በግብዓቱ ሜጋኦም ማካፈል ብቻ ነው። ግብዓቱ 10 ሜጋኦም ከሆነ 16 ኸርዝ ይወጣል፤ ከጊታሩ ዝቅተኛ ድምፅ በጣም ስለሚያንስ ምንም አይጎድልም። 1 ሜጋኦም ከሆነ 159 ኸርዝ ነው፤ ስድስተኛውና አምስተኛው ክር ትንሽ ይቀጥናሉ። ለቤዝ ጊታርና ለኪቦርድ ታስበው የተሠሩ አንዳንድ ዲአይ ቦክሶች (የመሣሪያውን ምልክት ለሚክሰሩ የማይክ ግብዓት የሚያስማሙ ትናንሽ ሳጥኖች) 220 ኪሎኦም ናቸው፤ ይህ 0.22 ሜጋኦም ስለሆነ ውጤቱ 720 ኸርዝ ገደማ ነው። የጊታሩ ግማሽ አካል ሄደ ማለት ነው። በቀጥታ ሚክሰር ላይ፣ 10 ኪሎኦም ላይን ግብዓት ውስጥ ቢሰካ ደግሞ ወደ 16,000 ኸርዝ ይደርሳል፤ የሚቀረው የቆርቆሮ ድምፅ ብቻ ነው። ቤዙን በሚክሰሩ ቁልፍ ለመመለስ መታገል ዝዝዝታውን አብሮ ከማጉላት በቀር ፋይዳ የለውም።

ስለዚህ ገንዘብ ካነሰ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ግብዓቱ ቢያንስ 1 ሜጋኦም፣ ከተቻለ 10 ሜጋኦም የሆነ ፕሪአምፕ፣ ቀጥሎ የተሻለ ፒክአፕ። መካከለኛ ፒክአፕ ከጥሩ ፕሪአምፕ ጋር፣ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ከተሰካ ውድ ፒክአፕ ይበልጣል። ጊታሩ ውስጥ ባትሪ ያለው ፕሪአምፕ ካለ ግን ሥራው እዚያው ስለተጠናቀቀ ተራው ባለ ትራንስፎርመር ዲአይ ቦክስ ይበቃዋል።

ኬብሉም ድርሻ አለው። የጊታር ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል አለው። በ6 ሜትር 600 ይሆናል፤ 1 ናኖፋራድ ካለው ፒዬዞ ጋር ሲገናኝ ድምፁን በ4 ዲሲቤል ያህል ይቀንሰዋል። በማግኔት ፒክአፕ ላይ ግን የሚቀንሰው ላይኛውን ድምፅ ነው። በሁለቱም ቢሆን ከጊታሩ እስከ ፕሪአምፑ ያለው ኬብል ከ3 ሜትር ባይበልጥ፣ ከዲአይ ቦክሱ በኋላ ያለው ረጅም መንገድ በማይክ ኬብል ቢሄድ መልካም ነው።

ሁለቱን ማደባለቅ

ፒክአፕና ማይክ አብረው ሲሠሩ እያንዳንዱ የሚችለውን ይያዝ። ወፍራሙን ድምፅ ለፒክአፑ ስጡት፤ ማይኩ ላይ ከ250 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ አዳራሹ የሚጮኽ ከሆነ እስከ 1,000 ኸርዝ ድረስ። በማይኩ በኩል የሚመጣው ወፍራም ጩኸት በዚህ ብቻ ይቀራል፣ የጣቱ ጭረትና የክሩ ብልጭታ ግን ይኖራል። ሁለቱን ስትከፍቱ የአንዱን ፌዝ ገልብጡና አድምጡ፤ ድምፁ ሙሉ የሚሆንበትን ያዙ፣ ባዶ የሚሆንበትን ተዉ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ወደ ሞኒተር የሚላከው ፒክአፑ ብቻ ይሁን፣ ማይኩ ለሕዝቡ ስፒከር ብቻ ይቅር። ተጫዋቹ የሚሰማው ትንሽ ይደርቅበታል፤ አድማጩ ግን ጊታሩን ያገኛል።

ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና

ያው ሕግ እዚህም ይሠራል። የብረት ክር ለተወጠረበት ክራር የማግኔት ፒክአፕ ይሆናል። በናይለን ወይም በጅማት ለተወጠረው ግን ማግኔት አይሠራም፤ 27 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ተራ የፒዬዞ ክብ ርካሽና በቂ ነው። የዚህ ክብ ካፓሲታንስ 20 ናኖፋራድ ገደማ ስለሆነ 1 ሜጋኦም ግብዓት ከበቂ በላይ ነው። ሽቦው ሲበየድ ነጩ ክሪስታል ላይ ካውያውን ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ አታቆዩት፣ ሙቀት ይገድለዋል። የናሱ ፊት ወደ እንጨቱ ይሁን፤ ሽቦው ባጭሩ ተቆርጦ መከለያ ካለው ኬብል ጋር ይገናኝ፣ አለዚያ የመብራቱን ዝዝዝታ ይለቅማል። ቆዳው ላይ አትለጥፉት። ቆዳው እንደ ከበሮ ስለሚነዝር ፊድባኩ የከፋ ነው፣ ክብደቱም ድምፁን ያፍነዋል። ክሮቹን የሚሸከመው ብሪጅ ጎን ላይ ወይም የእንጨቱ አካል ላይ ቦታ ፈልጉለት።

የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ማግኔት የሚባል ነገር አይታሰብም። ብሪጁ አጠገብ የተቆነጠጠ ትንሽ ኮንደንሰር፣ ወይም ፒዬዞ ሆኖ ከ100 ኸርዝ በታች የተቆረጠ፣ የደጋኑን ጭረት ሳያበዛ ያወጣዋል። በገናን ግን በተቻለ መጠን በማይክ ይዛችሁ ሞኒተሩን ዝቅ አድርጉ። የአሥሩን ክሮች የሚነዝር ድምፅ የሚሰጠው እንዚራው (በክሩና በብሪጁ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ነው፤ ፒዬዞ በቅርብ ሲይዘው ጭረቱ ይገንናል፣ ድምፁም ያን የሚያስተክዝ ለዛውን ያጣል። ከብሪጁ ፊት ለፊት 25 ሳንቲሜትር ያህል የቆመ ኮንደንሰር ይመረጣል።

መድረክ ላይ

ዝዝዝታው ክሩን በእጅ ሲነኩት የሚጠፋ ከሆነ የጊታሩ ግራውንድ ወይም መከለያው ጉድለት አለበት። የኤሌክትሪክ መሣሪያዎቹ ከተለያየ ሶኬት ሲመገቡ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን ግራውንድ ሊፍት ቁልፍ ተጫኑ። የሶኬቱን የመሬት መስመር መቁረጥ ወይም የመሬት ጫፉን መንቀል ግን ፈጽሞ አይገባም። ብረቱን ክር ይዞ በከንፈሩ ማይክ የሚነካ ዘፋኝ በ220 ቮልት መካከል ሊገባ ይችላል። ሶኬቱ መሬት ከሌለው ኤሌክትሪሺያን ይጠራ።

ፋንተም ፓወሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጊታሩ በዲአይ ቦክስ በኩል መግባቱን እዩ። ከማይክ ሶኬት ወደ ጊታር ጃክ በቀጥታ የሚቀይር ኬብል 48ቱን ቮልት ወደ ጊታሩ ፕሪአምፕ ሊወስድና ሊያቃጥለው ይችላል። ከዚያ ጌይኑ እጅግ ኃይለኛውን ምት እየመታችሁ ይስተካከል፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ይቆረጥ፣ ሞኒተሩ ፊድባክ እስኪጀምር ከፍ ተደርጎ ቢያንስ 6 ዲሲቤል ወደ ኋላ ይመለስ። ጃኩን ከመንቀላችሁ በፊት ቻናሉ ይዘጋ፤ «ጧ» የሚለው ድምፅ የስፒከሩን ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) ሊያቃጥል ይችላል።